የመቶ ሰማንያ ቀን መድኃኒት

ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራኬብ ሰብስቤ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልትረጂልኝ ይገባል። ክኒኖቹን ከእሽጋቸው አውጥቼ በየቀኑ ለይቼ የጠቀለልኋቸው እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ይህን ለጠበቃሽም ለዳኛውም በፊርማዬ ለማረጋገጥ ዝግጁ ነኝ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ሰላምታዬን ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ፈጣሪ በዚያ ክፍል ውስጥ ከጎንሽ ይሁን፤ ወገብሽንም ያሳርፍልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ሰርኬም ደህና ናት።

አስተርጓሚሽ እዮኤል አንቺ ካለሽበት አገር የደወለልኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ታስረሽ እንዳለሽ ሲነግረኝ ስልኩን ይዤ ወንበር ፈለግሁ። እስከዚያ ድረስ እኔም እናትሽም የመሰለን ስልክሽ ተበላሽቶ፣ ሥራም በዝቶብሽ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ እንደሚጎበኝሽ፣ የአንቺን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ እንደሚልክልኝ፣ የእኔንም አትሞ እንደሚያስገባልሽ አስረድቶኛል። ጨዋ ልጅ ይመስላል።

እንዲህም አለኝ፦ «ጋሼ፣ ችግሩ ክኒኑ አይደለም። ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ እዚህም በሐኪም ይታዘዛል። ችግሩ አጠቃቀለሉ ነው። ፖሊሶቹ ትንንሽ የወረቀት ጥቅል ሲያዩ ለሽያጭ ነው ብለው ደመደሙ።»

እንግዲህ እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ለጠበቃሽም ይጠቅማል። አያትሽና አባቴ የወንድማማቾች ልጆች ናቸው። ዝምድናችን ሩቅ ቢሆንም አባትሽ ሲሞት ቤታችሁን አደራ ያለው እኔን ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥተሽ ሐኪሙ ለወገብሽ የስድስት ወር መድኃኒት አዘዘልሽ፤ በቀን ሁለት ክኒን። አንቺ ከዚያ በፊት ለሙከራ ከሰጠሽ የአንድ ሳምንት መድኃኒት ሁለቱን አራት አድርገሽ ዋጥሽና በአክስትሽ ልጅ ሰርግ ላይ ወንበር ላይ ተኝተሽ ፎቶ ተነሣሽ። ስለዚህ ሥራውን እኔ ወሰድሁት። የድሮ የፈተና ወረቀት ንጹሑን ጀርባ በእኩል ቆርጬ በእያንዳንዱ ሁለት ክኒን ጠቀለልሁ። ላዩ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍሁ፤ ከ180 1ኛ፣ ከ180 2ኛ እያልሁ፣ ከሐምሌ 13 ጀምሮ። ሻንጣሽ ሁለት ኪሎ በልጦ ስለነበር ካርቶኖቹንና በውስጣቸው ያለውን ወረቀት አስቀረሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር አንድም የተማሪ ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። በዚህ ሥራዬም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

አሁን የምፈልገው የሕጉን ቃል ነው። እዮኤል የተከሰስሽበትን አንቀጽ ሳያሳጥር በአማርኛ ይጻፍልኝ። የሰሙትን ሳይሆን የተጻፈውን እፈልጋለሁ። እንዴት እንደተያዝሽም ንገሪኝ።

የሚያስብልሽ
መሸሻ

*

ጥር 22 ቀን 2017

ይድረስ ለጋሼ መሸሻ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ። ደብዳቤዎን ሳነበው ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት። አጠገቤ የምትተኛው ሴትዮ ቋንቋው ሳይገባት «አንድ ጊዜ ደግሞ አንብቢልኝ» አለችኝ፤ ዜማውን ወዳው ነው።

እኔ አለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ነን። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ብርሃን እንጂ ሰማይ አያሳይም። እዚህም ላውንደሪ መደቡኝ። ውጭ ስሠራው የነበረውን ነው እስር ቤትም የምሠራው፦ እርጥብ አንሶላ ማንሣት። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ለወገቤ የሚሰጡኝ ነገር የለም፤ በክሴ ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ተከልክያለሁ።

የተያዝኩት እንዲህ ነው። ሠራተኛ ማደሪያ ውስጥ አብራኝ የምትተኛዋ ኬንያዊት በእንፋሎት ማሽኑ እጇ ተቃጠለ። ስታለቅስ ማየት አልቻልኩም፤ ለሁለት ቀን የሚሆናትን ሁለት ጥቅል ሰጠኋት። እኛ ሰፈር ጎረቤት ሲታመም ያለንን እንደምናካፍለው ነው ያደረግሁት። እሷ ሁለቱንም ባንዴ ዋጠቻቸውና ሥራ ላይ ወደቀች። ክሊኒክ ደሟን መርምረው ከየት አመጣሽ ሲሏት ከራኬብ አለች። አልፈርድባትም። ነሐሴ 5 ማታ መጥተው ሻንጣዬን ፈተሹ። እኔም ሁለት መስጠቴን ያኔውኑ ተናገርኩ።

ሕጉን እዮኤል እንዲህ ገልብጦታል፦

«የአደንዛዥ ነገር ክብደት የሚባለው፣ ነገሩ ለብቻው ወይም ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕዶ ሲገኝ፣ የተገኘው ጠቅላላ ክብደት ነው። ሆኖም በሐኪም ትእዛዝ ለአንድ ሕመምተኛ የተዘጋጀ መድኃኒት የሆነ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ክብደት ብቻ ይያዛል። ለሌላ ሰው ለማስተላለፍ የተከፋፈለ ከሆነ ግን ይህ ልዩ ሁኔታ አይሠራም።»

ቅጣቱ ከሃያ ግራም በታች እስከ ሁለት ዓመት ነው። ከሃምሳ ግራም በላይ ከሆነ ከሰባት ዓመት አያንስም። ላቦራቶሪው ሁሉንም መዝኖ 84.6 ግራም ብሏል።

አሁን የሚከብደው ይኸውልዎ። ወረቀቶቹ ሁሉ ላይ «ከ180» ተጽፏል። እኔ እስክያዝ ሃያ ሦስት ቀን ወስጃለሁ። ስለዚህ 157 መገኘት ነበረበት፤ የተገኘው 141 ነው። አሥራ ስድስት ጎደለ። ዐቃቤ ሕጉ አሥራ ስድስቱንም አከፋፍለሻል ይላል። የሌሉት ቁጥር 24 እና 25፣ ከዚያ ከ167 እስከ 180 ያሉት ናቸው። ሃያ አራትና ሃያ አምስትን አውቃለሁ፤ ለኬንያዊቷ የሰጠኋቸው ናቸው። ሌሎቹን አላውቅም። ማሰብ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ወድቀውብኝ ይሆን? ሰው ሰርቆኝ ይሆን? ደግሞስ ማን የመጨረሻውን ለይቶ ይሰርቃል?

ጋሼ፣ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በምስክርነትዎ ላይ «ስንት እንደነበሩ በትክክል አላስታውስም» ብለው ይጻፉልኝ። ቁጥሩ እርግጠኛ ካልሆነ ጎደለ የሚባል ነገር አይኖርም ብሎኛል ጠበቃው።

ለእናቴ ምንም እንዳይነግሩብኝ። ደም ግፊቷን ያውቃሉ። እኔ መውጣቴን ካወቅኩ በኋላ ራሴ እነግራታለሁ። በዚህ ይማሉልኝ።

ልጅዎ
ራኬብ

*

ኮልፌ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለራኬብ፣

የላክሽው ደረሰኝ። እግዚአብሔር ዕንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ፤ ያቺንም ዜማ ወዳጅ ሴትዮ ይባርክልኝ።

ደብዳቤሽን ያተመችልኝ እዚህ ማዞሪያው ላይ የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሄቨን ናት። «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ ገጽ ከሚጽፉ ቮይስ አይልኩም?» አለችኝ። ቮይስ ፍርድ ቤት አይገባም አልኋት። «የዘንድሮ ፍርድ ቤት ሁሉ ነገር ይገባዋል» ብላ ሳቀችብኝ።

ሕጉን ሦስት ቀን ይዤው ተቀመጥሁ። ሕጉን ያረቀቀው ሰው ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን መልሼ «አብራራ» እለው ነበር። «የተከፋፈለ» ይላል፤ ማን እንደሚከፋፍለው ግን አይናገርም። ፋርማሲ ውስጥ ያለው ልጅ ከትልቁ ብልቃጥ ቆጥሮ በትንሿ ፖስታ ሲሰጥሽ እሱም ከፋፍሏል። ስለዚህ መከፋፈሉ ብቻውን ወንጀል ሊሆን አይችልም። ሊታይ የሚገባው ለማን ተከፋፈለ የሚለው ነው። ለአንድ ሰው፣ ለየቀኑ የተከፋፈለ መድኃኒት በመጀመሪያው ልዩ ሁኔታ ውስጥ ይወድቃል። በላዩ ላይ ቀን መጻፉ ራሱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ዕፅ የሚሸጥ ሰው ገዢው በየትኛው ቀን እንደሚውጠው ምን ያገባዋል?

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነም ሠርቼዋለሁ። በ141 ጥቅል ውስጥ 282 ክኒን አለ። ጠቅላላው 84.6 ግራም ከሆነ አንዱ ክኒን 0.3 ግራም ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ መድኃኒቱ 50 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ቀሪው ክኒኑን ለማያያዝ የሚገባ ዱቄት ነው። 282 በ50 ሚሊግራም ሲባዛ 14.1 ግራም ይሆናል። ያ ከሃያ በታች ነው። ያው ሻንጣ፣ ያው ክኒን፣ በአንዱ አነባበብ ቢበዛ ሁለት ዓመት፣ በሌላው ቢያንስ ሰባት ዓመት ነው። ለዱቄት ስትታሰሪ አላይም።

ምስክርነቱንም እንዲህ ብዬ አርቅቄዋለሁ፦ «እኔ መሸሻ፣ ጡረተኛ መምህር፣ በሐኪም ማዘዣ ለራኬብ ሰብስቤ የታዘዘውን መድኃኒት በራሴ ፈቃድና በራሴ እጅ በየቀኑ ለይቼ ጠቅልያለሁ። የጠቀለልሁት በቀን ከታዘዘላት በላይ እንዳትወስድ ነው። እርሷ ጥቅሎቹን አላዘጋጀችም።» የማዘዣው ትክክለኛ ግልባጭም አብሮ ይሄዳል። ሐኪሙን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ በሦስተኛው ማኅተም አደረገልኝ።

ስለ ቁጥሮቹ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ።

እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልልኛለች። አሠሪዎችሽ ስልክ ሰብስበው ነው አልኋት። «እና ደብዳቤም ሰበሰቡ?» አለችኝ። ጉልበቴን አመመኝ አልኋት። አልተናገርሁም፤ እንዳልሽው ይሆናል።

መሸሻ

*

የካቲት 20 ቀን 2017

ለጋሼ መሸሻ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለደከሙልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ዋጋዎን ይክፈልልኝ። የሐኪሙ ማኅተም ደርሷል። የሠሩትን ሒሳብ ጠበቃው ወዶት «ይህን ሰውዬ ቢሮዬ ቅጠሩልኝ» አለ።

ነገር ግን ምስክርነቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ጥቅሎቹ ላይ ቀን ጽፏል፣ ቁጥር ጽፏል፣ ድምሩን ጽፏል፤ እዚህ ላይ ግን ስንት እንደጠቀለለ አይናገርም። ዐቃቤ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው» አለኝ። እዮኤል ሲተረጉምልኝ፣ «አታውቋቸውም፣ እሳቸው የተጠየቁትን ዘንግተው አያውቁም» አልኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ራሴ የተናገርኩትን ሰማሁት።

ጋሼ፣ እርስዎ «አላስታውስም» ብለው አልጻፉልኝም። «አስታውሳለሁ፣ 180 ናቸው» ብለውም አልጻፉም። አንዲት መስመር ብቻ ጻፉልኝ። አይቼዋለሁ አሉኝ። ተማሪዎችዎ ስለ እርስዎ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ግማሽ ማርክ የጎደለበት ወረቀት ካለ ክፍሉን ሁሉ አስቁመው እስኪገኝ ድረስ ይቆጥሩ እንደነበር።

አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጥቅሎቹን ሃያ ሃያ አድርገው በላስቲክ አስረዋቸው ነበር። የመጨረሻዋን እስር ፈትቻት አላውቅም። ፖሊሱ እፊቴ ፈትቶ ሲቆጥራት ስድስት ናቸው። ስድስት ብቻ ሆነው ላስቲኩ ግን አልላላም፤ ለስድስት በሚሆን ልክ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ነበር። የሰረቀ ሰው እንዲህ አሳምሮ መልሶ አያስርም። ተሳስተው ይሆን? ቢሳሳቱ ምንም አይደለም። እኔ ተሳሳትኩ ብለው ቢጽፉልኝ ይበቃኛል።

የምጠይቅዎ በምክንያት ነው። ዐቃቤ ሕጉ አዲስ ነገር አምጥቷል። አሥራ ስድስቱን አከፋፍያለሁ ብዬ ከፈረምኩ አራት ዓመት ይጠይቅልኛል። ካልፈረምኩ ሰባት። እስከ መጋቢት 22 መልስ ስጪ ተብያለሁ። ጠበቃው «ፈርሚ» ይላል። ሁለቱን በነጻ ለተቃጠለች ሴት መስጠቴን ዳኛው ሊያልፈው ይችላል፤ አሥራ ስድስቱን ግን ማንም አያልፈውም አለኝ።

አራት ዓመት ማለት ሠላሳ ሦስት ዓመት ይሞላኛል ማለት ነው። ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ ስፈርም እጄ ምን እንደሚሆን በሐሳቤ እለማመዳለሁ። ድሮ ቀኑን የማውቀው በእርስዎ ወረቀቶች ነበር። አሁን ግድግዳ ላይ በጥፍሬ እጭራለሁ።

እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ራኬብ

*

መጋቢት 4 ቀን 2017

ጋሼ፣

ዛሬ እዮኤል ባዶ እጁን መጣ። ታመው እንዳይሆን ብዬ ፈራሁ። «ትናንት ደውዬላቸው ነበር፣ ደህና ናቸው፣ እጽፋለሁ ብለዋል» አለኝ። ደህና ከሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደህና ሆነው ዝም ካሉ ግን ምክንያቱን ልወቀው። እዚህ ሁሉም ነገር ተዘግቶብኛል። እርስዎም አይዝጉብኝ።

ወረቀቱን አምጥተው አልጋዬ ላይ አኑረውልኛል። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ራኬብ

*

ኮልፌ፣ 18 ማዞሪያ
መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለራኬብ፣

አልተሳሳትሁም። አንቺም አልጣልሻቸውም፤ ማንም አልሰረቀሽም። ከ167 እስከ 180 ያሉት ጥቅሎች ከአዲስ አበባ አልወጡም። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ለእናትሽ ሰጠኋቸው።

ከጥር 22 ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቀው ነበር። ቁጥሮቹን ባነበብሁ ጊዜ ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። ስለ ሕጉ ያን ሁሉ ገጽ የጻፍሁልሽ ስለዚህ አንዲት መስመር ላለመጻፍ ነው። ለይቅርታ ቃል ቢኖረኝ እጽፈው ነበር። አሁን ግን ጊዜው አጭር ነውና የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ሐምሌ 10 ቀን ሁሉንም ጠቅልዬ፣ ቁጥር ጽፌ፣ ሃያ ሃያ አድርጌ አስሬ ጨርሻለሁ። አንቺ ልብስ ልታሰፊ ወጥተሻል። እናትሽ ሰርኬ እግሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከፕላስቲክ ዕቃ ሱቋ ደጃፍ ላይ ወድቃ ነበር፤ ለአንቺ አልነገረችሽም፤ ጉዞሽን እንዳትተዪ ፈርታ ነው። «ይሄን ሁሉ ለአንድ ልጅ? ለእኔ የሁለት ሳምንት ስጠኝና አንተ ገዝተህ በሰው ትልክላታለህ» አለችኝ። ሐኪም ይይሽ አልኋት። «ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ማን ባልዲ ይሸጥልኛል?» አለች። አሥራ አራቱን ከመጨረሻው እስር አውጥቼ ሰጠኋት። እንዳልነግርሽም አስማለችኝ። ምትኩን ሳልገዛ ቀረሁ፤ ያለ ማዘዣ አይሸጥም አሉኝ፣ እኔም ነገ ነገ እያልሁ ተውሁት።

ጥፋቴ ግን ከዚህ ይብሳል። አሥራ አራቱን ካወጣሁ በኋላ በቀሩት ላይ «ከ166» ብዬ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። መቶ ስድሳ ስድስት ወረቀት መቁረጥ ሰለቸኝ። ከመሰልቸቱም በላይ ማዘዣው የሚለው የመቶ ሰማንያ ቀን ነው፤ ወረቀቴ ከማዘዣው ጋር እንዲስማማ ፈለግሁ። ሻንጣው ውስጥ ካለው ነገር ጋር መስማማቱን አላሰብሁትም። ይህን ያደረግሁት ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን ሒሳብ ሳስተምር የኖርሁት ሰውዬ ነኝ።

ለምን ዝም አልሁ? ለእናትሽ የገባሁት ቃል አንዱ ነው። ሌላው ግን ፍርሃት ነው። ለእሷ ያልታዘዘላትን መድኃኒት ሰጥቻለሁና ይህን በፊርማዬ በውጭ አገር ፍርድ ቤት ማስገባት አስፈራኝ። በዚህ በሰፈር መምህር ተብዬ የምከበር ሰው ነኝ። አንቺ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ቀን ስትጭሪ፣ እኔ እዚህ ስሜን እጠብቅ ነበር።

አጭሯ ደብዳቤሽ ስትደርሰኝ ወደ እናትሽ ቤት ወደ ሳንሱሲ መሄድ እንዳለብኝ አወቅሁ። እሱንም ሳመነታ ሰነበትሁ። የሄድሁት ትናንት እሑድ ነው። እናትሽ በሩን ከፍታ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» አለችኝ።

«ያንቺን እግር ልጠይቅ መጣሁ» አልኋት።

«የእኔ እግር እዚሁ ነው፣ የትም አልሄደ። ያንተ ነው የጠፋው።»

ጎመንና ቆጮ አቀረበችልኝ። ስለ ታክሲ ሠልፍ፣ ስለ ፕላስቲክ ዋጋ አወራን። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ያ መድኃኒት ረዳሽ?» አልሁ።

«በፈተና ወረቀት የጠቀለልኸው? አምስቱን ዋጥሁት። ራሴን አዞረኝ፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ባልዲ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ሀብታም የሆንሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ተውሁት።»

«የቀሩትስ?»

የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው። ከ172 እስከ 180፣ ዘጠኝ ናቸው፤ በእጄ ጽሕፈት፣ ቀናቸው ላያቸው ላይ አለ። እንደገና ቆጠርኋቸው።

«ምን ትቆጥራለህ? ሌባ ቤት የገባህ መሰለህ?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው ሲገኝ ለእሷው ላክልኝ። የልጄን መድኃኒት ወስጄ መዋጤ ይከነክነኛል። እንዳትነግራት ያልሁህን አልነገርሃትም አይደል?»

«አልነገርኋትም» አልሁ።

ትናንት ለእናትሽ ከነገርኋት ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

ልልክልሽ ነው ብዬ ጥቅሎቹን ብወስድ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ከእሷው እጅ ቢገኙም ይሻላል። ስለዚህ እዚያው ትቻቸው መጣሁ። ቆርቆሮው ተመልሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

አሁን አንቺ የምትወስኚው ነገር አለ። ስትወስኚ ሁሉን አውቀሽ እንዲሆን ምንም አላስቀርም። ዛሬ ጠዋት የእኔን ቃል ጨርሼ በሰነዶች ማረጋገጫ ፈርሜያለሁ። አሥራ አራቱን እኔ እንዳስቀረኋቸው፣ ወደ አንቺ ሻንጣ 166 ብቻ እንደገባ፣ ቁጥሩንም እኔ እንዳላረምሁት ይላል። እውነት ነውና አይቀየርም። ከሰዓት በኋላ በእዮኤል ስልክ ለጠበቃሽ አስነበብሁት። «ይህ ብቻውን የአንድ ዘመድ ወሬ ነው» አለ። «ጥቅሎቹ ከነቁጥራቸው ከታዩ፣ የተቀበለችውም ሴት ከፈረመች ግን የጎደለው ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱን ደግሞ ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን አምናለች።» እንዲያ ከሆነ ክብደቱ 14.1 ግራም ተብሎ የመያዝ ዕድል አለው፤ ቅጣቱም ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው፤ ስምንተኛውን ወር ጀምረሻል።

ሌላውንም ጎን አልደብቅሽም። ይህንኑ ቃሌን ይዞ ዐቃቤ ሕጉ «እንግዲህ መድኃኒቱ ገና ከአገሩ ሳይወጣ ለሌላ ሰው ይከፋፈል ነበር» ሊል ይችላል። ሕጉ ማን እንደከፋፈለ፣ መቼ እንደከፋፈለ አይለይምና ዳኛው ቢቀበለው ሰባቱ ዓመት ይመለሳል። ጠበቃሽን ስጠይቀው ወዴት እንደሚያዘነብል አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም። ሕጉን ከሃያ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ፤ በሁለቱም በኩል ይከፈታል፣ በሁለቱም በኩል ይዘጋል። እርግጠኛ የምሆንበት አንድ ነገር ብቻ ነው። አልጋሽ ላይ ያለው ወረቀት አሥራ ስድስት አከፋፈልሽ ይላል፤ ያ ሐሰት ነው። የሐሰቱም ምንጭ የእኔ ጽሕፈት ነው። እኔ በጻፍሁት ቁጥር አንቺ አራት ዓመት እንድትፈርሚ አልፈልግም።

እናትሽ እንድትፈርም ደግሞ ታስረሽ እንዳለሽ ልነግራት ግድ ነው። መታሰርሽን ብቻ አይደለም፤ የታሰርሽበት ነገር እሷ ከወሰደችው ጋር የተያያዘ መሆኑንም ጭምር ነው የምነግራት። ደም ግፊቷን አውቃለሁ። ደጃፏ ላይ ቆሜ ይህን ስናገር ራሴን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እንዳልናገር ይማሉልኝ ብለሽኛልና ያላንቺ ፈቃድ አፌን አልከፍትም። በምስክርነቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ የእሷ ስም የሚገባበትን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ።

እዮኤል የሚገባው ሐሙስ መጋቢት 18 ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሚያዝያ 2 ነው፤ ያኔ የዐቃቤ ሕጉ ቀን አልፏል። ስለዚህ ይህን አንብበሽ እስክትጽፊ ድረስ እዚያው እንዲጠብቅሽ ለምኜዋለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ይፈቅዱልኛል ብሎኛል። ረጅም መልስ አያስፈልግም፤ ሰላምታም ይቅርብኝ። ለእናትሽ ልንገራት ወይስ አልንገራት፣ ይህችን ብቻ ጻፊልኝ። ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሳንሱሲ ፌርማታ ላይ ስልኬን ይዤ እቆማለሁ፤ ከእዚያ የእናትሽ በር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። በዚያው ቀን መልሽልኝ።

መሸሻ